በብልቃጥ የተሰጠኝ ጠጠር

«ሆድሽን ስንከፍት የምናገኘውን ለማን ነው የምንነግረው?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ኦፕራሲዮን ያደረጉኝ ዶክተር ናቸው፣ አዲስ አበባ፣ በዋዜማው። አልጋዬ ሥር ቆመው ነው የጠየቁኝ፤ ከኋላቸው ተማሪ ሐኪሞች ተኮልኩለዋል። እኔ መልስ የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም። ማሰልጠኛ እያለን ጓደኞቼ «አስቴር ስትሞት እንኳ መልስ ሰጥታ ነው የምትሞተው» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን አፌ ተለጎመ። ታላቅ ወንድሜን ማርቆስን አየሁት። እሱ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ብድግ አለና «ለእኔ ይንገሩኝ ዶክተር። ታላቅ ወንድሟ ነኝ፤ አባታችን የለም» አለ። ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። የጠየቁት እኔን ነበር።

ይህን የምጽፈው ጎኑን ይዞ «ጨጓራ ነው» እየተባለ የተቀመጠ ሰው ካለ እንዲያነበው ነው። በተለይ እኛ አገር፣ ጂንካና ከጂንካ በታች ያለ ሰው። ሐኪም አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ፣ እሱንም ገና ጀማሪ።

ከመምህራን ማሰልጠኛ እንደተመረቅኩ የመደቡኝ ወይጦ ነው። መንገድ ዳር ያለች ቆላ ናት። የጭነት መኪና ሾፌሮች ውኃ ጠጥተው ያልፋሉ፣ ከብት ያልፋል፣ የማያልፈው ሙቀቱ ብቻ ነው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። የራሴ ደሞዝ፣ የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ።

አንድ እሑድ አስተማሪዎቹ ተሰባስበን ፍየል አረድን። ጮማውን ሳልመርጥ በላሁ። ወዲያው በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። በጀርባዬ ዞሮ ትከሻዬ ላይ ወጣ። ተቀመጥኩ፣ ቆምኩ፣ መሬት ላይ ተንበረከክኩ፤ የሚመች አልነበረውም። በማግሥቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ጋሽ ታምሩ ደግና ቀልደኛ ሰው ነው።

«ትኩሳት አለሽ?»

«ትንሽ።»

«ወባ ነው፣ ቲቸር።»

«ጎኔን ነው እኮ የሚያመኝ።»

«ወይጦ ራስም ሲያምሽ ወባ ነው፣ ጎንም ሲያምሽ ወባ ነው።»

ክሎሮኪን ሰጠኝ። ክሎሮኪኑ ገላዬን አሳከከኝ እንጂ ጎኔን አልነካውም። ተመልሼ ስሄድ ጨጓራ አለው፤ የሚታኘክ ኪኒን ሰጠኝ። እንደገና ስሄድ ሳቀብኝ።

«ቲቸር፣ አንቺን የያዘሽ ብቸኝነት ነው። ባል አግቢ፣ ይለቅሻል።»

«ባሌንስ ጎኑን ሲያመው ምን ልትሰጠው ነው?»

«ክሎሮኪን!»

ሁለታችንም ሳቅን። ስስቅ ራሱ ያመኝ ነበር። አልፈርድበትም፤ መደርደሪያው ላይ ከነበረው ነገር ነው የሰጠኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ክረምቱ ገባ። ቅቤ ወይ ሥጋ በበላሁ ቁጥር ይነሣብኛል፣ ሳልበላ ስቀር ይተወኛል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአጠገቤ ክፍል የምትኖረው አስተማሪ ፊቴን እያየች ሳሙናውን ከእጇ ጣለችው። «አስቴር፣ ዓይንሽ!» አለች። መስተዋት አመጣችልኝ። የዓይኔ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ የደረቀ በቆሎ መስሏል። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር፣ ሰገራዬ ደግሞ እንደ አመድ ነጭ፤ የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እናንተ ተናገሩ። ለሐኪም ከምንም በላይ የሚጠቅመው ያ ነው፣ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ማሽላ በጫነ መኪና ጂንካ ገባሁ። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ነው። እማዬ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ገና ሰላም ሳትለኝ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳበችውና በቋንቋችን፣ በአሪኛ፣ አንድ ነገር ብላ አፏን ያዘች። ወፍ ይዟታል ማለቷ ነው።

ወፍ የሚባለው ዓይን ቢጫ የሚያደርግ በሽታ ሁሉ ነው። ወፍ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አበቃለት ይባላል። ከጂንካ እስከ ገዘር ይህን የማያምን ሰው አላውቅም። እኔ ራሴ፣ በሳይንስ ጥሩ ውጤት አምጥቼ የተመረቅኩት፣ ደፍሬ «ውሸት ነው» ማለት አልቻልኩም። ምናልባትስ ቢሆን?

ማርቆስ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ግርግዳውን ተደግፈን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠበቅን። ነርሷ ትኩሳቴን ለካች፣ ጎኔን ነካች፣ ጮኽኩ። መርፌ ማዘጋጀት ስትጀምር ማርቆስ እጇን ያዛት።

«ሲስተር፣ ወፍ ነው እኮ። አትወጊብኝም።»

«የምን ወፍ ነው የምታወራው? ሐሞቷ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አርባ ምንጭ ሄዳ ትታይ።»

«አርባ ምንጭስ ቢወጓት?»

«ይወጓታላ!»

«አየሽ!» አለ ማርቆስ፣ ክርክሩን እንደረታ ሰው። ክንዴን ይዞ አወጣኝ። እኔም ወጣሁ። መርፌውን ፈርቼው ነበር።

ገዘር አጠገብ ወፍ የሚያወጡ ሽማግሌ አሉ። ቅጠል ጨምቀው አጠጡኝ፣ ምሬቱ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ አለ። «ቅቤ እንዳትቀምሺ፣ ሥጋ እንዳትቀምሺ፣ መርፌ ያለበት ቤት እንዳትገቢ» አሉኝ። የተቀቀለ ጎደሬና ጎመን ብቻ እየበላሁ ከእማዬ ጋር ተቀመጥኩ። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር የእማዬ የጸሎት ጓደኞች እኛ ቤት ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩልኝ ነበር።

እናም ዓይኔ ነጣ! ሽንቴ ጠራ፣ ጎኔ ተወኝ። እማዬ እልል ልትል ብላ ጎረቤት እንዳይሰማ በነጠላዋ አፏን አፈነች። ማርቆስ ለሽማግሌው ዶሮ ወሰደላቸው። በጤና ጣቢያው በር ሲያልፍ ያቺን ነርስ «ወጣላት!» ይላታል። እኔ ወይጦ ተመለስኩ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ያጠፋን ይህ ነው። በሽታው መጥቶ የሚሄድ ዓይነት ነበር፤ ሲሄድ ቅጠሉ አባረረው አልን። ቅጠሉ ባይኖርም ይሄድ ነበር። ቅቤና ሥጋ መከልከሌ ሕመሙን አስታግሶልኝ ይሆናል፣ በሽታው ግን ውስጥ እያደገ ነበር።

ሲመለስ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። መዳፌን እያሳከከኝ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። ዓይኔ ቢጫ ይሆናል፣ ይነጣል፣ እንደገና ቢጫ ይሆናል። ጎኔን ስነካው እንቁላል የሚያህል እብጠት እጄ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቅኩ፤ ስነቃ የርእሰ መምህሩ ጋቢ ላይ ተኝቻለሁ፣ ተማሪዎቼ በመስኮት ያዩኛል።

ጂንካ ስገባ ማርቆስ እንደገና ገዘር ሊወስደኝ ፈለገ። እኔ የመከራከር አቅም አልነበረኝም። መከራከር የማልችልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ፍራሽ ላይ ተኝቼ እሱና እማዬ ስለ እኔ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ፣ እንደ ዕቃ። የቆረጠችው እማዬ ናት።

«ትወጋ» አለች። «ብትሞትም ተወግታ ትሙት። ጎደሬ እየላጥኩላት ቁጭ ብዬ አላያትም።»

በሬያችን ተሸጠ። ማርቆስ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣ፣ የጤና ጣቢያዋ ያቺው ነርስ ሪፈር ጻፈችልኝ። «ወፉ ተመልሶ መጣ?» አለችው። ማርቆስ መሬት መሬት አየ። በኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ተጭነን ወጣን። መንገዱ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሾፌሩ «ይቅርታ እህቴ» ይለኛል፤ አርባ ምንጭ እስክንደርስ ይቅርታ ሲለኝ ዋለ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

አርባ ምንጭ መጀመሪያ መርፌ ወጉኝ። ማርቆስ አልጋዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፊቴን እያየ ላቡን ይጠርጋል።

«አስቱ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ይቆያል።

«አሁንስ?»

«አለሁ አልኩህ እኮ! ተኛ!»

አልሞትኩም። መርፌ የወፍን ሰው ይገድላል የምትሉ ሰዎች ይህንን መዝግቡልኝ። እዚያ ያለው ሐኪም ግን እብጠቱን ነካክቶ ፊቱ ተቀየረ። «ይሄ እዚህ አይከፈትም» ብሎ አዲስ አበባ ላከን።

አዲስ አበባ ማለት ለእኔ አንድ ኮሪደር ነው። ተራ መጠበቂያ አግዳሚው ላይ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ተደርድሯል፤ ነርሷ ስም ስትጠራ ሁሉም ቀና ይላል፣ አንዱ ይነሣል፣ ሌላው አንገቱን ይደፋል። ትዕግሥት የለኝም፤ ገበያ ላይ እንኳ ተራ መጠበቅ አልወድም። እዚያ ግን ተማርኩ ልበል? አልተማርኩም። ደከመኝ ነው የሚባለው።

አልጋ ሲገኝልኝ ጎረቤቴ እማማ ዝናሽ ሆኑ። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ አንደበተ ስለት። የሐሞት ጠጠር ወጥቶላቸው በፔኒሲሊን ብልቃጥ ተሰጥቷቸዋል፤ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ «እዩት፣ እዩት» እያሉ ያሳያሉ። ለእኔም በእጄ አስያዙኝ። ጠጠሮቹ ሽምብራ ያክላሉ፣ ቢጫ አረንጓዴ ናቸው፣ ቀላል ናቸው፣ በጥፍር ሲነኳቸው እንደ ሳሙና ይፋቃሉ።

«ያንቺም ይሄው ነው፣ ልጄ። ነገ ትወልጂዋለሽ» አሉኝ።

ከዚያ ነው ዶክተሩ መጥተው ያንን ጥያቄ የጠየቁኝ፣ ማርቆስም የመለሰልኝ።

ስነቃ ሆዴ በፋሻ ታስሯል፣ ከጎኔ ቱቦ ወጥቷል፣ ከንፈሬ በውኃ ጥም ተሰነጣጥቋል። ደም አስፈልጎኝ ማርቆስ ሰጥቶኛል። መርፌ የሚፈራው ማርቆስ! እጁ ላይ ያለውን ፕላስተር ሳይ አለቀስኩ። እማማ ዝናሽ ጥጥ በውኃ እየነከሩ ከንፈሬን ያብሱልኛል፤ እሳቸው ራሳቸው ቁስለኛ ናቸው።

«ምን ነበር?» አልኩት ማርቆስን።

«ጠጠር ነው። ወጣልሽ።»

«የታለ?»

«ዕረፊ እስቲ፣ አስቱ።»

ነርሷን ስጠይቅ «ወንድምሽን ጠይቂ» ትለኛለች። ተማሪ ሐኪሙን ስጠይቅ «ለወንድምሽ ተነግሮታል» ይለኛል። የተቀደደው የእኔ ሆድ ነው፤ ወሬው ግን ያለው ማርቆስ ጋ ነው። በየቀኑ ጠጠሬን አምጡ እያልኩ አስቸገርኩ። ለተማሪዎቼ ላሳይ ፈልጌ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ማርቆስ ብልቃጥ ይዞ መጣ።

«ይኸው ያንቺ።»

አንድ ብቻ ናት። ግራጫ ናት፣ ከብዳለች፣ ብርሃን ላይ ስይዛት ትንሽ ታብለጨልጫለች።

«የእኔ ለምን እንዲህ ሆነ?»

እማማ ዝናሽ ብልቃጡን ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ማርቆስን አዩት፣ ረጅም ጊዜ። እሱ መስኮቱን ያያል።

«የአገሩ ውኃ ነው» አሉና መለሱልኝ። «የቆላ ሰው ጠጠር እንዲህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሳቸውን ብልቃጥ ለማንም አሳይተው አያውቁም፤ ትራሳቸው ሥር ከተቱት።

ጂንካ ስመለስ ሁሉም ነገር ጣፋጭ ሆነ፣ እስከሚያንገሸግሸኝ። እማዬ ጎደሬውን ልጣ፣ ቆርሳ፣ አብርዳ ታጎርሰኛለች። ማርቆስ በሕይወቱ ሙሉ በአንድ ነገር ከእኔ ጋር ተስማምቶ የማያውቅ ሰው፣ ምን ብለው «ልክ ነሽ» ይላል። ሆን ብዬ ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች ብለው «ልክ ነሽ» ሊለኝ ነው። ጎረቤቶች ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አያወሩም። አንዷ አቅፋ ሳመችኝና «ምነው በልጅነትሽ!» ብላ እንባዋ መጣ። እማዬ ቆነጠጠቻት።

«ምኑ በልጅነቴ?» አልኩ።

«ኧረ… በልጅነትሽ ሆድሽ መቀደዱ» አለች።

ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጠርጥሬ ነበር። ግን እያገገምኩ ነበር። መብላት ጀምሬያለሁ፣ ቀሚሴ እየሞላልኝ ነው፣ ዓይኔ እንደ ወተት ነጥቷል። ስተኛ ቁስሌ ላይ እጄን አደርግና «ጠጠር ነው» እላለሁ፣ ብልቃጧን ከትራሴ ሥር እየዳሰስኩ። ወይጦ ስመለስ ክፍል ውስጥ አዞርኳት። «ሐሞት ከረጢት ውስጥ እንዲህ ያለ ጠጠር ይፈጠራል» ብዬ አስተማርኩ። ልጆቹ ተራ በተራ ብርሃን ላይ እየያዙ አዩዋት። ጋሽ ታምሩም አየና «ይሄን ክሎሮኪን አያሟሟውም ነበር» አለ።

ለቀጠሮ አዲስ አበባ የተመለስነው የሚቀጥለው በጋ ላይ ነው። ደሜን ሰጥቼ፣ ውጤቱ እስኪደርስ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ግቢው ጭቃ እንዳይሆን ጠጠር ተበትኖበታል። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር አየኋት። ግራጫ። ታብለጨልጫለች። ከአጠገቧ ሌላ፣ ከሌላዋ አጠገብ ሌላ፣ እስከ አጥሩ ድረስ።

አንዷን አነሳሁ። ብልቃጤን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

«ማርቆስ።»

«እ?»

«ይሄን ከየት ነው ያነሣኸው?»

ይክዳል ብዬ ነበር። ጣቱን ቀሰረ። «ከዚያ ጋ፣ ከቧንቧው አጠገብ» አለ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

«ምን ነበር ያወጡልኝ?»

«ነቀርሳ አሉ። ካንሰር።» ድምፁ አልወጣም፣ ከንፈሩን ነው ያየሁት። «ስሙን ከሰማሽ ትወድቂያለሽ ብዬ ነው፣ አስቱ። ሰው የሚወድቀው ስሙን የሰማ ቀን ነው።»

«መርፌም ይገድላታል ብለህ ነበር እኮ። ተወጋሁ፣ አለሁ።»

«መርፌውን የያዝኩት እኔ አልነበርኩም» አለ። «ይሄን ግን የምነግርሽ እኔ ነበርኩ።»

ልጮህበት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። እጆቹ ኮፍያውን ሲያጣጥፉና ሲዘረጉ አይቼ ተውኩት። ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸክሞት ነበር። ለካ እማዬም ታውቃለች፣ የጸሎት ጓደኞቿም ያውቃሉ፣ መንደሩ ያውቃል። የማላውቀው በሽተኛዋ ብቻ ነኝ። ተቀምጬበት ያለው መሬት ሁሉ ጠጠሬ ነበር።

ምን እንደነበረ አሁን አውቃለሁ፣ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ያለች ትንሽ ከረጢት ናት፤ ጮማ ስንበላ የሚፈጨውን መራራ ውኃ ትይዛለች። የሷ ካንሰር በእኔ ዕድሜ ብዙም አይታይም። የእኔው ደግሞ ከብርቅም ብርቅ የሆነ ዓይነት ነው፤ ወደ ውጭ ከመሰራጨት ይልቅ እንደ አበባ ጎመን ወደ ውስጥ፣ ወደ ከረጢቷ ያብባል። ዶክተሩ ራሳቸው «በመጽሐፍ እንጂ በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር» አሉኝ። ቁራጩ እየተላቀቀ ቱቦውን ሲዘጋው ዓይኔ ቢጫ ይሆናል፣ ሲያልፍ ይነጣል። የገዘር ቅጠል ያባረረው ወፍ ይህ ነው። ከረጢቷን ከትንሽ ጉበት ጋር ቆርጠው አወጧት፤ ካንሰሩ ግድግዳዋን ገና አልበሳም ነበር። ሌላ የሚሰጠኝ መድኃኒት የለም፤ መጠበቅና መታየት ብቻ ነው። እስካሁን ደህና ነኝ። ሊመለስ ይችላል። ጎኔን ትንሽ በወጋኝ ቁጥር እጄ ይበርዳል፣ ምንም የማደርገው ነገር የለም። ይህንን አላሳምርላችሁም።

ግን ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ስሜ ተጠራ፣ ገባን።

ዶክተሩ ዓይኔን አዩ፣ አስተኝተው ሆዴን ነካኩ፣ ውጤቱን አነበቡ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ወደ ማርቆስ ዞሩ።

«አንተ ትንሽ ቆይ። እሷ ውጭ ትጠብቅህ።»

ማርቆስ እኔን አየኝ። እኔ ከወንበሩ አልተነሣሁም።

«ዶክተር፣ ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ሲሉ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር» አልኩ።

«ምን ብዬ?»

«የምናገኘውን ለማን ነው የምንነግረው ብለው።»

ትንሽ አሰቡ። «ወንድምሽ ነግሮኝ የለም እንዴ?»

«የጠየቁት እኔን ነበር። አልመለስኩልዎትም።»

ብልቃጡን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ማርቆስ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዷል፤ እጅጌውን ይዤ አስቆምኩት።

«ለእኔ» አልኩ። «ክፉም ቢሆን፣ ደግም ቢሆን ለእኔ ይንገሩኝ። ማርቆስም ይቀመጥ፤ አብሮኝ ይስማ።»